የቅርፊት ጥንዚዛን ወገን ከጀርባው ማብቂያ መለየት

ጥያቄ፦ ከአንድ የደረቀ የፓይን ግንድ ቅርፊት ሥር 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ጥንዚዛዎች ሰብስቤያለሁ። አንዳንዶቹ ጥቁር፣ ሌሎቹ ቢጫ ናቸው። ኢፕስ ከሚባለው የቅርፊት ጥንዚዛ ወገን ይሁኑ ዴንድሮክቶነስ ከሚባለው በምን ልለያቸው?

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት። ገና ያደገ ጥንዚዛ ቆዳው እስኪጠነክር ቢጫ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቀለሞች የአንድ ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ። ርዝመቱም አይረዳዎትም፤ በሁለቱም ወገኖች ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ዝርያዎች አሉ።

ጥንዚዛውን በጎኑ አስተኝተው ክንፎቹ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቁበትን ቦታ ይዩ። የኢፕስ ማብቂያ በማንኪያ የተዛቀ ይመስል ጎድጉዶ፣ ጠርዙ ላይ በየጎኑ ከ3 እስከ 6 ጥርስ አለው። የዴንድሮክቶነስ ድቡልቡል ነው፤ ጥርስ የለውም። ከላይ ሲያዩትም የኢፕስ ጭንቅላት በደረቱ ጋሻ ስለሚሸፈን አይታይም፤ የጋሻው የፊት ክፍልም ሻካራ ነው። የዴንድሮክቶነስ ጭንቅላት ግን ወጣ ብሎ ይታያል።

ጥርስ ከሌለው ዴንድሮክቶነስ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ ቶሚከስ የሚባለው ሌላ ወገንም ማብቂያው እንዲሁ ድቡልቡል ነው። እዚህ ላይ የሚፈርደው አንቴናው ነው። ከረጅሙ የመጀመሪያ አንጓ ቀጥሎ ጫፉ ላይ እስካለው እብጠት ድረስ ያሉትን ትናንሽ አንጓዎች ይቁጠሩ፦ ዴንድሮክቶነስ 5፣ ቶሚከስ 6። ይህን በ10 እጥፍ የእጅ ሌንስ መቁጠር ከባድ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኢፕስን ማብቂያ ጉድጓድ ሙጫና የእንጨት ብናኝ ሞልቶት ጥርሱ ሲደበቅ ነው። ናሙናውን 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈው በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት፤ ከዚያም ላዩ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥብ ሆኖ ካዩት ነጸብራቁ ዝርዝሩን ይውጠዋል። ያረጀ ጥንዚዛ ጥርሱ ሊሸረፍ ስለሚችል ሁለቱንም ጎን ይቁጠሩ። ከዚህ ያነሱ፣ በየጎኑ 2 ወይም 3 ጥርስ ብቻ ያላቸው ካጋጠሙዎት ፒትዮጄነስ የሚባለውን ወገን ይጠርጥሩ። የሴቶቹ ጥርስ ከወንዶቹ ስለሚያንስ በአንድ ናሙና ብቻ አይወስኑ።

ጥያቄ፦ ከኤልም ዛፍ ያወጣሁት ጥንዚዛ ክንፉ እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፤ ቁልቁለት የለውም። ምንድን ነው?

መልስ፦ ስኮሊተስ የሚባለው ወገን ሳይሆን አይቀርም። ከጎን ሲታይ ሆዱ በሰያፍ የተቆረጠ ያህል ወደ ክንፎቹ ሽቅብ ይወጣል። የፊት እግሩን ቅልጥምም ይዩ፦ የውጭው ጠርዝ ጥርስ የለውም፤ ጫፉ ላይ አንድ ቆልማማ መንጠቆ ብቻ አለ። በአንዳንድ ዝርያዎች ሆድ ላይ የሚበቅለውን እሾህ ከኢፕስ ጥርስ ጋር አያምታቱት፤ የኢፕስ ጥርስ ክንፉ ላይ ነው። አንቴናው መሃል ላይ ካልታጠፈ ግን ፍለጋውን እዚያው ያቁሙ፤ በእጅዎ ያለው የቅርፊት ጥንዚዛ አይደለም።