ላጲሱን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት ወጣት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሜሪላንድ ውስጥ ስታትስቲክስ ትማራለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ነገ የሚደርሰውን ጉዳት ዛሬ በቁጥር ስገምት እንደኖርኩ እናቷ ነግራታለች። የአሜሪካ ፉትቦል እንደምወድም ሰምታለች። «ጋሼ፣ ኮማንደርስ በሚመጣው ድራፍት እነማንን እንደሚወስድ ለመገመት እየሞከርኩ ነው» አለችኝ። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «የእኔ ግምት ከሰው ሁሉ ሲለይብኝ ላስተካክለው ወይስ እንዳለ ልተወው?»

እዚያው አንድ ነገር መለስኩላት። ጥሩ መልስ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለሚሞክሩ ልጆች ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሊጉ 32 ቡድኖች አሉት፤ ኮማንደርስ የዋሽንግተኑ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆችን በሰባት ዙር፣ በተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት የሚባለው ይህ ነው። ባለፈው ዓመት የከፋ ውጤት የነበረው መጀመሪያ፣ ዋንጫውን የበላው መጨረሻ። ቡድኖች ተራቸውን መለዋወጥ ይችላሉ። ማን ማንን እንደሚወስድ ወራት ቀደም ብሎ የሚገምተው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ግምቱ ሞክ ድራፍት ይባላል።

አሁን ወደ 2012 ልመልሳችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የእህቴ ልጅ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። አስተማሪው «ገና ያልሆነ ነገር ገምቱ፣ ከሆነ በኋላ ደግሞ ግምታችሁን መርምሩ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠው። ሌሎቹ ልጆች የአየር ጠባይ ምናምን ይዘዋል። እሱ የዋሽንግተንን ቡድን ዘጠኝ ምርጫዎች ያዘ። ያኔ የቡድኑ ስም ሌላ ነበር። ኮማንደርስ የተባለው በ2022 ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ሥራ አልነበረውም። ቡድኑ ከስድስተኛ ተራ ወደ ሁለተኛ ለመውጣት ለሴንት ልዊስ ራምስ የዚያን ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ተራውን ሰጥቷል። የ2013 እና የ2014 የመጀመሪያ ዙር ተራዎቹንም ጨምሯል። ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ ነው፤ ለቤይለር ዩኒቨርሲቲው ኳርተርባክ ለሮበርት ግሪፈን። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ነው። ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት፣ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። እኔ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ቡድኑ የት የት ክፍተት እንዳለበት፣ ማን ኮንትራቱ እንደሚያልቅ፣ ማን እንዳረጀ ሁሉ አለበት። ልጁ እርሳስ ይዞ ይሞላል። ሦስተኛው ዙር ላይ ጋርድ፣ ማለትም ከፊት ቆሞ ኳርተርባኩን የሚከላከል ተጫዋች፣ ጻፍን፣ ተስማማን። አራተኛው ዙር ላይ ግን እኔ ሳልናገር «ሌላ ኳርተርባክ» ብሎ ጻፈ።

ሳቅሁ። «ምን ነካህ? ለአንድ ኳርተርባክ ሦስት የመጀመሪያ ዙር የከፈለ ቡድን በሦስተኛው ቀን ሌላ ይወስዳል?» አልኩት። ተጠባባቂ ከፈለጉም ሬክስ ግሮስማን አለላቸው አልኩት።

ልጁ ምክንያቱን ነገረኝ። እሺ፣ መጨረሻ ድረስ አልሰማሁትም፣ ያስታወስኩትን ልጻፍ። የድሮ ምርጫዎችን አገላብጧል። በ1994 ይኸው ቡድን ኳርተርባኩን ሒዝ ሹለርን በሦስተኛ ተራ ወሰደ። በዚያው ድራፍት፣ በሰባተኛው ዙር፣ በ197ኛ ተራ ደግሞ ገስ ፍሬሮትን ወሰደ። በመጨረሻ ቦታውን የያዘው ፍሬሮት ነው። ልጁ ሁለተኛም ምክንያት ነበረው። «አጎቴ፣ ግሪፈን ይሮጣል። ጉልበቱ በ2009 ተበጥሶ ነበር። አሰልጣኙ ይህን ሳያስብ ይቀራል?»

15 ዓመቱ ነው እንግዲህ። እኔ ያኔ በሙያው ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ላጲሱን አነሳሁና አጠፋሁት። በቦታው ኮርነርባክ፣ የኋላ ተከላካይ፣ ጻፍኩ፣ በራሴ እጅ። ልጁ ዝም አለ። ዝምታውን መስማማት አድርጌ ወሰድኩት። የእኛ ልጆች ከታላቅ ጋር አትሟገቱ ተብለው እንዳደጉ እያወቅሁ።

ዓርብ ማታ በሦስተኛው ዙር፣ በ71ኛ ተራ፣ ቡድኑ ጆሽ ለሪቢየስን ወሰደ። ጋርድ ነው! ስሙን አላወቅንም ነበር፣ ቦታው ግን ተመታ። እህቴ ጋ ደውዬ ጮህኩባት፤ «ያልኩት ሆነ!»

ቅዳሜ ኤፕሪል 28 ቀን ሁላችንም እሷ ቤት ነበርን። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ ዶሮው ቀርቧል። አራተኛው ዙር ደረሰ። 102ኛ ተራ። ከርክ ከዝንስ፣ ኳርተርባክ፣ ሚሺጋን ስቴት።

በዚያች ደቂቃ ምን ማለት ነበረብኝ? «ጎበዝ፣ አንተ ነህ ልክ» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል። እኔ ያልኩት ግን «አበዱ!» ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቡድኑ እንዴት እንደተሳሳተ ለቤቱ ሁሉ አስረዳሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉትም ግራ ተጋብተው ስለነበር ደስ አለኝ። ልጁ ሳህኑን እያየ ነበር። በላና ወደ ላይ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቴ ሥራውን አሳየችኝ። ጥሩ ውጤት አግኝቷል። አራተኛው ዙር ጋ ስደርስ፣ ግምታችን ለምን እንደሳተ በሚያብራራበት ቦታ እንዲህ ይላል፦ «ቡድኑ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ።»

ያልተጠበቀ። እሱ እኮ ጠብቆት ነበር! የእኔን ስህተት የራሱ አድርጎ፣ በእኔ አፍ ጻፈው። ያችን መስመር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከባልቲሞር ሬቨንስ ጋር ሲጫወቱ ግሪፈን ጉልበቱን ተመታ። ከዝንስ ገባ። ጨዋታውን አቻ አደረገው፣ በጭማሪ ሰዓት አሸነፉ። ስልኬን አንስቼ የልጁን ቁጥር አወጣሁ። አልደወልኩም። ጃንዋሪ ላይ ከሲያትል ጋር በነበረው ጨዋታ ያው የግሪፈን ጉልበት ተበጠሰ፤ ልጁ የነገረኝ ጉልበት። አሁንም አልደወልኩም። በ2015 ከዝንስ ዋናው ኳርተርባክ ሆኖ ቡድኑ ምድቡን ሲያሸንፍ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። ዛሬ የልጅ አባት ነው። ስንገናኝ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እናቱ ደም ግፊት እናወራለን። ስለ ፉትቦል አናወራም። እሱ አሁን የሚያየው ባስኬት ነው።

የት ላይ ተሳሳትኩ? ብዙ አስቤበታለሁ። የእኔ ሠንጠረዥ «እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር» የሚል ነበር። ልጁ ግን «እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ» ብሎ ነው የጠየቀው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ትክክል ሆኜ እነሱ ቢሳሳቱ እንኳ ግምቴ ስቷል። በኢንሹራንስ ሥራ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ሰው በዝናብ ቀስ ብሎ መንዳት አለበት ብዬ አልገምትም፣ እንዴት እንደሚነዳ ነው የምገምተው። ቤቴ ስገባ ግን ረሳሁት።

ስለዚህ ኮማንደርስን የምትገምቱ ከሆነ የቡድኑን ክፍተት ለማወቅ ብቻ ጊዜ አትጨርሱ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ እኔም አልደግመውም። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች እወቁ። ጄኔራል ማናጀሩ አዳም ፒተርስ በ2024 መጀመሪያ ከሳንፍራንሲስኮ ነው የመጣው። እዚያ እያለ ምን ዓይነት ልጅ ይወዱ እንደነበር ተመልከቱ። አንድ ቡድን ከድራፍቱ በፊት እስከ 30 ተጫዋች ድረስ ወደ ግቢው ጋብዞ ማነጋገር ይችላል፣ ያንን ተከታተሉ። እሱም ቢሆን ያታልላል። በ2024 ፒተርስ አራት ኳርተርባኮችን ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ባንድ ላይ ጠርቶ ጎልፍ መጫወቻ ወሰዳቸው። ከተማው ፍንጭ አገኘሁ ብሎ ስንት ነገር ተናገረ።

ሪቻርድ ቴለር፣ በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው ሰውዬ፣ ከኬድ ማሴ ጋር ይህን ድራፍት አጥንቶታል። በአንድ ዓይነት ቦታ ከሚጫወቱ ልጆች ውስጥ ቀድሞ የተመረጠው ተከትሎት ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል 52 ከመቶ ገደማ ነው ይላሉ። ሳንቲም ከመወርወር በምን ይሻላል? ስለዚህ «የትኛው ልጅ ጎበዝ ይሆናል» በሚለው አትድከሙ። እናንተ የምትገምቱት የመራጮቹን ልብ ነው።

ይህን ስል የ1988 ጃንዋሪ ትዝ ይለኛል። አገሩን ገና መልመዴ ነበር፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። ዳስ ውስጥ ሆኜ ሱፐር ቦውሉን፣ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ በሬዲዮ ሰማሁ። ዋሽንግተን 10 ለ 0 ተመርቶ በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ አስቆጠረ። ዳግ ዊልያምስ፣ ሱፐር ቦውልን በዋና ኳርተርባክነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። መኪናቸውን ሊወስዱ የመጡ ሽማግሌ ጥቁር ሰውዬ ቁልፉን መቀበል ትተው ከእኔ ጋር ቆመው ሰሙ፣ አለቀሱ። ፉትቦልን የወደድኩት ያን ቀን ነው። በዚያው ጨዋታ ቲሚ ስሚዝ የሚባል አዲስ ልጅ 204 ያርድ ሮጠ። በአምስተኛው ዙር የተመረጠ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተጫወተም። እሱን ማን ገመተው?

ስለ እናንተም የማልወደውን ልናገር። ዛሬ ስልክ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሰባቱንም ዙር በደቂቃ የሚጨርስ ነገር አለ። ልጆች ያንን ያሳዩኛል። «ለምን እሱን?» ስላቸው «ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው» ይሉኛል። የእህቴ ልጅ የ1994ን ድራፍት አገላብጦ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ያለፈውን ዓመት እንኳ አላያችሁም። በሌላ በኩል በእናንተ ዕድሜ እኔ የማላውቀውን ሒሳብ ታውቃላችሁ፣ ይህንም አልክድም።

ሰው ሁሉ የሚለውን ናቁ ማለቴም አይደለም። የብዙ ሰው ግምት አማካይ ከአንድ ሰው ግምት ብዙ ጊዜ ይሻላል። 30 ዓመት እንጀራ የበላሁበት ሐቅ ነው። የሚሠራው ግን እያንዳንዱ ለብቻው ሲያስብ ነው። መቶ ሰው ከአንዱ ከቀዳ፣ ያለን አንድ ግምት ነው። በ2025 ሸዱር ሳንደርስን ስንቱ ሰው በመጀመሪያው ዙር ይሄዳል አለ። በአምስተኛው ዙር፣ በ144ኛ ተራ ነው የተመረጠው። የወሰደው ክሊቭላንድ ነው፤ በሦስተኛው ዙር ሌላ ኳርተርባክ፣ ዲለን ጌብርኤልን፣ ከወሰደ በኋላ። አንድ ቡድን፣ አንድ ድራፍት፣ ሁለት ኳርተርባክ። ዜናውን ስሰማ ከወንበሬ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩ።

እኔ ራሴ ተምሬያለሁ ልበል? በ2024 ኮማንደርስ በሁለተኛ ተራ ጄይደን ዳንኤልስን ይወስዳል ብዬ ጽፌ ነበር። በዋዜማው ጓደኞቼ ድሬክ ሜይ ነው ሲሉኝ ቀየርኩት። የወሰዱት ዳንኤልስን ነው።

እና እሁድ ዕለት ለዚያች ልጅ የመለስኩላት ይህን ነው፦ «ትንሽ ወደ ሰዉ ጠጋ አድርጊው።» ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ ነው የገባኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ያንኑ ላጲስ እንደገና አነሳሁ።

ልጄ፣ ያልኩሽን ተዪው። እንዳለ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ምክንያትሽን ጻፊ፣ ቀኑንም ጻፊበት። ሲሳሳት ቡድኑን ሳይሆን ምክንያትሽን መርምሪ። የ2027 ድራፍት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል ላይ ነው፣ ያኔ አብረን ቆመን እናያለን። ለአሁኑ ግን ዝርዝርሽን ፖስታ ውስጥ አሽገሽ እሁድ አምጪልኝ። የመጨረሻው ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ አልከፍተውም። ለእህቴም ልጅ ባዶ ፖስታ እልክለታለሁ፣ እሱም የሚለው ካለ።