አይጥና ጥንቸል መቁጠር እንጀራ ይሆናል?

ሰላም እህቴ። አራተኛ ዓመት ፋርማሲ ነኝ፣ ካፕቶፕሪል የተሰጣቸው ጥንቸሎች ጽንሳቸው እንደሞተ ካነበብኩ ወዲህ ምርምር አማረኝ፣ ቤተሰብ ግን «ፋርማሲ ክፈቺ እንጂ አይጥ ስትቆጥሪ ልትኖሪ ነው?» አለኝ ብለሻል።

ያነበብሽው ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 እንግሊዝ ውስጥ ፊዮና ብሮተን ፒፕኪንና ባልደረቦቻቸው ይህ የደም ግፊት መድኃኒት የተሰጣቸው እርጉዝ በጎችና ጥንቸሎች ላይ ያዩትን የጽንስ ሞት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በዓመቱ መድኃኒቱ አሜሪካ ገበያ ገባ። ጉልህ የእርግዝና ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት በ1992 ነው! አንቺ የምትፈልጊው ሥራ ያለው እዚህ መሃል ላይ ነው፤ እንስሳ ላይ የታየውን እርጉዟ ሴት ጋ ቶሎ ማድረስ።

ለዚህ ደግሞ የትኛው እንስሳ ምን እንደሚደብቅ ማወቅ አለብሽ። መድኃኒቱ የሚጎዳው የጽንሱን ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ሽንት ካላመረተ የእንሽርት ውሃው ይቀንሳል። የአይጥ ኩላሊት ግን በብዛት የሚበስለው ከተወለደች በኋላ ስለሆነ አይጥ ብቻ ያየ ሰው ችግሩ ሊያመልጠው ይችላል።

ሥራው ራሱ? አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። እርጉዟን አይጥ በየጊዜው መመዘን፣ ልትወልድ ስትቃረብ ማህፀኗን ከፍቶ በሕይወት ያለውን፣ የሞተውን፣ ገና በጠዋቱ ጠፍቶ ምልክቱ ብቻ የቀረውን ለይቶ መቁጠር፣ መጻፍ። ቤተሰብሽ መቁጠር ማለታቸው ልክ ነው፣ እንጀራ አይሆንም ማለታቸው ግን አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ማስተርስ አለ፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የባህል መድኃኒቶችን መርዛማነት እንስሳ ላይ ይፈትሻል፣ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ይቀበላል። በደመወዝ በኩል ጀማሪ ተመራማሪ ከግል ፋርማሲ ሊያንስ ይችላል፣ ይህን አስቢበት።

ልምምድ ላይ ስትወጪ ከመደርደሪያው ጀምሪ። እዚያ የምታገኚው ኢናላፕሪል የካፕቶፕሪል ዘመድ ነው፣ ጽንስንም እንደዚያው ይጎዳል። የእሱን ማዘዣ ይዛ የመጣችን ወጣት ሴት እርግዝና እያሰበች እንደሆነ በዘዴ ጠይቂያት፣ አዎ ካለች በራሷ እንዳታቆመው ነግረሽ ቶሎ ወደ ሐኪሟ ላኪያት።

ክረምት ላይ ደግሞ የእንስሳት ቤት ያለው ክፍል ሄደሽ «በነፃ ላግዛችሁ» በይ። ሽታውንና ደሙን ካልቻልሽው አሁኑኑ ብታውቂው ይሻላል፤ የመድኃኒት ደህንነት ክትትሉ አይጥ መንካት አይጠይቅም። ሲቪሽን ከዚያ በኋላ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።