ምግብ ቤቴን ካውንቲው ዘጋው፣ ኢንሹራንሱ ደግሞ አልከፍልም አለ

ጥያቄ፦ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ አነስተኛ የሐበሻ ምግብ ቤት አለኝ። ባለፈው ወር ከኩሽናው ወለል የቆሻሻ ፍሳሽ ገንፍሎ ወጣ። የካውንቲው የጤና ኢንስፔክተር መጥቶ ዘጋኝ። አራት ቀን ሥራ ፈታሁ፤ ሥጋውም ወጡም ተደፋ። ኢንሹራንሴ «አንሸፍንም» የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ይባስ ብሎ ውሉ ሊታደስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ክፍያውን 30 በመቶ ጨመረብኝ። ጥፋቱ የቧንቧው እንጂ የኔ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ለተዘጉት ኢንሹራንስ ከፍሏል ሲባልም ሰምቻለሁ። ካውንቲውን ልክሰስ?

መልስ፦ ካውንቲውን ይተዉት። ንዴትዎ ይገባኛል፤ ግን በዚያ በኩል ገንዘብ የለም።

ኢንስፔክተሩ ቤት ሲዘጋ ጥፋተኛ እየፈለገ አይደለም። ኩሽና ውስጥ የገነፈለ ፍሳሽ በካሊፎርኒያ የምግብ ሕግ ለጤና አስቸኳይ አደጋ ነው። እዚያው ቆሞ መዝጋት ይችላል። ሕጉም የስቴቱ ነው፤ ካውንቲው ያስፈጽማል። የካውንቲው ሱፐርቫይዘሮች (የካውንቲው ምክር ቤት አባላት) በራሳቸው ካወጡት ውስጥ እርስዎ በየቀኑ የሚያዩት በር ላይ የሚለጠፈው የኤ፣ ቢ፣ ሲ የንጽሕና ደረጃ ካርድ ነው። እሱም ከ1998 ጀምሮ አለ። ፍርድ ቤቶች ደግሞ በጤና ጉዳይ ለካውንቲ ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ። በኅዳር 2020 ካውንቲው በረንዳ ላይ መመገብን ሲከለክል የምግብ ቤቶች ማኅበር ከስሶ ነበር። የመጀመሪያው ዳኛ ለማኅበሩ ፈረዱ። መጋቢት 2021 ላይ ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው።

ካውንቲው የሰጠዎት ወረቀት ግን ትልቅ ዋጋ አለው። ኢንሹራንሱ የሚያነበው እሱን ነው። ሪፖርቱ «ፍሳሽ ተመልሶ ገነፈለ» ብቻ ካለ ጥሩ። «የቅባት ማጥመጃው አልጸዳም» ወይም «በረሮ ተገኘ» የሚል ከጨመረ ግን ኢንሹራንሱ «የጥገና ጉድለት ነው» ለማለት ሰበብ አገኘ። የተጻፈው ስሕተት ከሆነ ማስታወቂያው በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሂሪንግ (አቤቱታዎ የሚሰማበት ቀጠሮ) መጠየቅ ነበረብዎት። «ባለፈው ወር» ስላሉ ዛሬውኑ ቀኑን ይቁጠሩ። ካለፈ የቧንቧ ሠራተኛውን የጽሑፍ ሪፖርት ይያዙ። «ቧንቧ ተደፍኖ ነበር» ብቻ አይበቃም፤ የተደፈነው የት ላይ እንደሆነ ይጻፍልዎ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

የኮቪዱ ወሬ ልክ አይደለም፤ ቢያንስ እዚህ ስቴት። የንብረት ኢንሹራንስ በተለምዶ «ቀጥተኛ አካላዊ ጉዳት» ይጠይቃል። በ2024 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቫይረስ አንድ ቤት ውስጥ መገኘቱ ብቻ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳት አይደለም ብሎ ወስኗል። የእርስዎ ጉዳይ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ፍሳሽ የሚታይና የሚሸት ጉዳት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አብዛኞቹ የንግድ ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) ከቧንቧ ተመልሶ የሚገነፍልን ፍሳሽ በግልጽ ያስወጣሉ። ሽፋን የሚገኘው ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ በተያያዘ ገጽ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ፖሊሲ፣ ከነተያያዙት ገጾቹ፣ ይጠይቁ። ብሮከሩ (ኢንሹራንሱን ያገናኘዎት ደላላ) የሚልክልዎ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ አይጠቅምም። ሁለት ነገር ይፈልጉ፤ አንደኛው የፍሳሽ መመለስ ሽፋን ነው። ሌላው ለምግብ ቤቶች የሚሸጠው የምግብ ብክለት ሽፋን ነው፤ የጤና ባለሥልጣን በምግብ ብክለት ምክንያት ሲዘጋ የጠፋ ገቢን ሊከፍል ይችላል። ብክለት ስለሚል ግን ለእርስዎ ጉዳይ መሥራቱን ቃላቱ ይወስናሉ።

የእምቢታ ደብዳቤውም ይመርመር። በካሊፎርኒያ ደንብ ኢንሹራንስ ሲከለክል በጽሑፍ፣ የትኛውን የፖሊሲ አንቀጽ እንደተመረኮዘ ጠቅሶ መሆን አለበት። «አይሸፈንም» ብቻ ካለ ለስቴቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ያስገቡ። አቤቱታው በነፃ ነው፤ ጠበቃም አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቧንቧው። የተደፈነው በሕንፃው ውስጥ ከሆነ የኪራይ ውልዎን ያውጡ። ቧንቧውን የሚጠግነው አከራዩ ነው ወይስ እርስዎ? ሐበሻው ብዙ ጊዜ ሳያነብ የሚፈርመው ይህችን ገጽ ነው። የተደፈነው መንገድ ሥር ያለው የከተማው ዋና መስመር ከሆነ ደግሞ ተጠያቂው ከተማው ሊሆን ይችላል። የተበላሸው ምግብና ዕቃ ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆነ አቤቱታው ለከተማው የሚገባው በስድስት ወር ውስጥ ነው። ካለፈ በአብዛኛው አለቀ። ቀላል ክስ ነው ብለው ግን አይጠብቁ። ኦሮቪል በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች ክሊኒክ ፍሳሽ ገንፍሎበት ጉዳዩ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ተወስኗል። ከተማው ረታ። ዋናው ምክንያት ክሊኒኩ ፍሳሽ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቫልቭ ሕጉ እያስገደደው አለማስገባቱ ነው። የእርስዎ ሕንፃ ያ ቫልቭ አለው? ሌላ ነገር ከመጻፍዎ በፊት የቧንቧ ሠራተኛውን ይህን ይጠይቁት።

ስለ ጭማሪው የምሥራች አለኝ። በካሊፎርኒያ የንግድ ፖሊሲ ሲታደስ ክፍያው የሚሰላበት ተመን ከ25 በመቶ በላይ የሚጨምር ከሆነ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በሦስት ሳምንት አይሆንም። ካልጠበቀ የድሮው ውል ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ ለ60 ቀን በነበረበት ይቀጥላል። ፖሊሲዎ ላይ «ሰርፕላስ ላይን» (በስቴቱ ፈቃድ ከሌለው ኩባንያ የተገዛ ኢንሹራንስ) የሚል ማሳሰቢያ ካለ ግን ጉዳዩ ይለያል፤ እንዲህ ያሉ ጥበቃዎች ላይሠሩ ይችላሉ። ከሌለ ለብሮከሩ ዛሬ ኢሜይል ይጻፉ፦ «የ60 ቀን ማስታወቂያው መቼ ተላከ? ቅጂውን ላኩልኝ።» በስልክ አይጠይቁ። በትርፉ 60 ቀን ሌላ ኩባንያ ያፈላልጉ፤ የፍሳሽ መመለስ ሽፋን እንዲጨመርበትም ዋጋ ያስጠይቁ።