ስለ ሹንሱኬ ናካሙራ ጠይቁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅጣት ምት መቺዎች ስንከራከር የጃፓናዊውን አማካይ የሹንሱኬ ናካሙራን ስም አነሳሁ። ግማሾቻችሁ «እሱ ደግሞ ማን ነው?» አላችሁ፤ የቀራችሁት ከሌላ ሰው ጋር አደባለቃችሁት። ዕዳው የእኔ ነውና ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ናካታና ናካሙራ አንድ ሰው አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ሂዴቶሺ ናካታ በ2001 ከሮማ ጋር የጣሊያንን ሊግ ያሸነፈውና ገና በ29 ዓመቱ ጫማውን የሰቀለው ነው። ሹንሱኬ ናካሙራ በ1978 ዮኮሃማ ውስጥ የተወለደው ግራኙ ነው፤ እሱ እስከ 44 ዓመቱ ተጫውቷል። ኬንጎ ናካሙራ የሚባል ሌላ አማካይም አለና ብትሳሳቱ አልፈርድባችሁም።

ጥያቄ፦ ከልጅነቱ ጀምሮ ተስፋ የተጣለበት ነበር?

በፍጹም። ያደገው በዮኮሃማ ማሪኖስ የታዳጊዎች ቡድን ነው፤ ወደ ወጣት ቡድኑ የመሸጋገሪያው ቀን ሲደርስ ግን ክለቡ አላሳለፈውም። ሰውነቱ ደቃቃ ነበር። ቶኮ ጋኩዌን ወደሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ተጫወተ። በ1997 ያው ያልፈለገው ክለብ መልሶ አስፈረመው፤ በ2000 ደግሞ ልጁ በ22 ዓመቱ የጃፓን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ።

ጥያቄ፦ የ2002ቱ የዓለም ዋንጫ በአገሩ ሲካሄድ የት ነበር?

ቤቱ። ፈረንሳዊው አሠልጣኝ ፊሊፕ ትሩሲዬ ከቡድኑ ውጭ አደረገው። ጃፓን ያን ጊዜ ከምድቧ አልፋ በቱርክ 1 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች፤ ስለዚህ አሠልጣኙን ለመውቀስ የሚያበቃ ውጤት አልነበረም። እኔ ግን ዛሬም እወቅሰዋለሁ። ናካሙራ በዚያው ክረምት ወደ ጣሊያኑ ሬጂና ሄዶ በደቡብ ጫፍ ላለመውረድ ሲታገል ሦስት ዓመት ቆየ።

ጥያቄ፦ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። በእኛ ላይ ያገባው ጎል እስካሁን ያበሳጨኛል። ታስታውሰዋለህ?

የትኛውን ወንድሜ? ሁለት ናቸው። በ2005 ጎርደን ስትራካን ወደ ስኮትላንዱ ሴልቲክ አመጣው፤ በ2006 መኸር ሁለቱ ክለቦች በሻምፒዮንስ ሊግ አንድ ምድብ ደረሳቸው። መጀመሪያ በኦልድ ትራፎርድ በቅጣት ምት አስቆጥሮ ጨዋታውን 2 ለ 2 አደረገው፤ ዩናይትድ በመጨረሻ 3 ለ 2 ስላሸነፈ ጎሉ በቶሎ ተረሳ።

አንተን የሚያበሳጭህ የኅዳሩ ይመስለኛል። ግላስጎው ውስጥ ጨዋታው ያለ ጎል 81ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል፤ ኳሱ ከጎሉ 27 ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። በዚያ ርቀት ብዙው ሰው በጉልበት ይመታል። ናካሙራ በግራ እግሩ የውስጥ ጎን ጠቅልሎ በግድግዳው አናት አሳለፈው፤ ቫን ደር ሳርን የሚያህል ቁመተ ረጅም ግብ ጠባቂ ተወርውሮም አልደረሰበትም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዩናይትድ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ ነበር፤ የሉዊ ሳሃን ምት አርቱር ቦሩክ አዳነው። 1 ለ 0 አለቀ፤ ሴልቲክም ለመጀመሪያ ጊዜ በሻምፒዮንስ ሊግ ከምድብ አለፈ። ዩናይትድም አልፏልና ብስጭትህን ቀነስ አድርገው።

ጥያቄ፦ ቅጣት ምቱን ብታወጣለት ምን ይቀረዋል? ፈጣን አይደለም፣ አይቀማም።

ፈጣን አልነበረም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኳሱ ሳይደርሰው ቀና ብሎ ሜዳውን ያነብ ነበር፤ ስለዚህ መሮጥ ያለበት ሌላው ሰው ነው። ለቅጣት ምት ብቻ የሚፈለግ ተጫዋች በ2007 የስኮትላንድ ጋዜጠኞችም ተጫዋቾቹም የዓመቱ ምርጥ አይሉትም። ደግሞ ሚያዝያ 2008 በከተማው ተቀናቃኝ በሬንጀርስ ላይ ያስቆጠረውን ፈልገህ ተመልከት፤ ቅጣት ምት አይደለም፣ ከሩቅ የተመታች፣ አየር ላይ አቅጣጫዋን የቀየረች ኳስ ናት። ሴልቲክ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በመጨረሻም ሊጉን ወሰደ።

ጥያቄ፦ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ተንሸራቶ ሳተ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በ2004 በቻይና በተካሄደው የእስያ ዋንጫ፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ፣ ከዮርዳኖስ ጋር በተደረገው የመለያ ምት። መሬቱ ከእግሩ ሥር ተናደበትና ኳሷ ወደ ሰማይ ሄደች። ቀጥሎ የመታው አሌክስም እንዲሁ ተንሸራቶ ሳተ። አምበሉ ሚያሞቶ ወደ ዳኛው ሮጦ «ሜዳው አያስቆምም» ብሎ አቤቱታ አቀረበ፤ ዳኛውም ምቱ በሌላኛው ጎል በኩል እንዲቀጥል ፈቀደ! ከዚያ ግብ ጠባቂው ካዋጉቺ ተአምር ሠራ፣ ጃፓን 4 ለ 3 አለፈች። በፍጻሜው ቻይናን በቤጂንግ 3 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ የውድድሩ ኮከብ የተባለው ያው የተንሸራተተው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ በዓለም ዋንጫ ግን ምንም አልሠራም፤ ተሳሳትኩ?

ብዙም አልተሳሳትክም። በ2006 በአውስትራሊያ ላይ አንድ አግብቷል፤ እሷም የተሻገረች ኳስ ነበረች፣ ግብ ጠባቂው ከሰው ጋር ሲጋጭ መረብ ውስጥ ገባች። ጃፓንም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሦስት ተቆጥሮባት ተሸነፈች።

የ2010ሩ ይበልጥ ያሳዝናል። በደቡብ አፍሪካ ሜዳ የገባው ከኔዘርላንድስ ጋር ተቀይሮ ብቻ ነው። ጁን 24 ቀን ጃፓን ዴንማርክን 3 ለ 1 ስታሸንፍ ሁለቱ ጎሎች በቀጥታ ከቅጣት ምት የተቆጠሩ ናቸው፤ አንዱን ሆንዳ፣ ሌላውን ኤንዶ። ናካሙራ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። ዕለቱ ደግሞ 32ኛ የልደት ቀኑ ነው። ከዚያ በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ አልተጫወተም፤ በ98 ጨዋታና በ24 ጎል አበቃ።

ጥያቄ፦ ስፔን ውስጥስ?

ኤስፓኞል፣ ጥቂት ወራት። አልሆነለትም፤ ወደ ማሪኖስ ተመለሰ።

ጥያቄ፦ እርስዎ እንዲህ ይበሉ እንጂ ሰውዬው ከ32 ዓመቱ በኋላ ያለቀለት አይደለም?

እህቴ፣ በ35 ዓመቱ እንደገና የጃፓን ሊግ ኮከብ ተባለ! ሁለት ጊዜ የተመረጠ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ያ 2013 ግን ጣፋጭ ብቻ አልነበረም። ማሪኖስ ከቀሩት ሁለት ጨዋታዎች አንዱን ቢያሸንፍ ሻምፒዮን ይሆን ነበር፤ ሁለቱንም ተሸንፎ ዋንጫውን ለሂሮሺማ ሰጠ። በአዲስ ዓመት ዕለት በንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ ፍጻሜ ያንኑ ሂሮሺማን 2 ለ 0 መቱት፤ ለእኔ ግን ሒሳቡ አልተወራረደም። ከዚያ ወደ ጁቢሎ ኢዋታ፣ በ2019 ደግሞ ወደ ዮኮሃማ ኤፍሲ ሄደ። እዚያ የቡድን ጓደኛው ማን መሰለዎት? ካዙዮሺ ሚዩራ! በ2020 ሚዩራ በ53 ዓመቱ ከካዋሳኪ ጋር ቋሚ ሆኖ ሲገባ ናካሙራም በ42 ዓመቱ አብሮት ነበር፤ ከሚዩራ አጠገብማ ወጣት ይመስላል። በ2022 ጫማውን ሰቀለ።

ጥያቄ፦ አንድ ነገር ብቻ ልመልከት ብል የቱን ትመርጥልኛለህ?

የኅዳር 2006ቷን። ኳሷን ግን በመጀመሪያው አትከተል፤ መሬት ላይ የተተከለውን ቀኝ እግሩንና ወደ ጎን የተጣለውን ሰውነቱን ተመልከት። ኳሷን በሁለተኛው ዙር ታያታለህ።