የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ዴልቭ» በፈረንሳይኛ

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ ጽሑፎችን ለፈረንሳውያን እንግዶች እተረጉማለሁ። «ዴልቭ» የሚለውን ግሥ ሁልጊዜ «ክረዜ» (መቆፈር) ብዬ ብመልሰው ልክ ነው? ሻንጣ ውስጥ መፈለግንስ?
አስጎብኚ፣ ከደሴ

መልስ፦ አንድ ቃል አይበቃዎትም። «ዴልቭ» ጥንት በአካፋ መቆፈር ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ጠልቆ መመርመር ወይም እጅን ሰዶ መፈለግ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛውን ከመምረጥዎ በፊት የሚቆፈረው ወይም የሚበረበረው ምን እንደሆነ ይለዩ።

ሻንጣ፣ ኪስ ወይም መሳቢያ ከሆነ «ፉዬ» ይበሉ። ይህ ግሥ ከእኛው «በረበረ» ጋር በጣም ይቀራረባል፦ «ቤቱን በረበሩት» ስንል ተሳቢው የሚፈለገው ዕቃ ሳይሆን የሚፈለግበት ቦታ ነው፤ «ፉዬ»ም እንደዚያው። የጠፋው ቁልፍ ራሱ ተሳቢ ከሆነ ግን ግሡ «ሼርሼ» (መፈለግ) ነው፤ እንግሊዝኛው «ፎር» አለው ብለው በፈረንሳይኛው አቻ በ«ፑር» እንዳያስከትሉት። «ፉዬ አን ሳክ» ኬላ ላይ እንደሚደረገው ሻንጣውን በሙሉ መፈተሽ ሲሆን «ፉዬ ዳን አን ሳክ» («ዳን» ማለት «ውስጥ» ነው) እጅ ከትቶ መጎርጎር ነው። የሰውን ያለፈ ሕይወት በተመለከተ «ፉዬ ዳን ለ ፓሴ» ካሉ ነውር ፍለጋ ስለሚያስመስል ለታሪክ ተመራማሪ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ለአንድ ርዕሰ ጉዳይ «ክረዜ» ጥሩ ነው፤ ግን ያለ «ዳን»፦ «ክረዜ ለ ሱዤ»። የእንግሊዝኛው «ኢንቱ» እየተጎተተ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ መደበኛ ከሆነ «አፕሮፎንዲር» (ጠለቅ አድርጎ ማየት) ይመረጣል። በመዛግብት ወይም በንባብ መመሰጥ ሲሆን «ስ ፕሎንዤ ዳን» ይበሉ። ኃላፊ ጊዜውን «ኤትር» (መሆን) የሚለው ረዳት ግሥ ስለሚረዳው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሴት ከሆነች «ኤል ሴ ፕሎንዤ» ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አንድ «ኧ» ይጨመራል፤ ሲነገር አይሰማም፣ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የእውነት አፈር ሲቆፈር «ክረዜ» ለጉድጓድ፣ «ቤሼ» ለጓሮ አትክልት ነው።

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው ወደ ሐዳር ለሚወርዱ እንግዶች ደግሞ «ሌ ፉይ» (የቅሪት ፍለጋ ቁፋሮ) የሚለውን ስም ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሉሲን ባገኘው ቡድን ውስጥ ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ሞሪስ ታይብና ኢቭ ኮፐንስ ስለነበሩ ፈረንሳውያን ስለዚያ ቁፋሮ ብዙ ይጠይቃሉ። ቃሉን በብዙ ቁጥር ይጠቀሙበት፤ በነጠላ «ላ ፉይ» ብቻውን ከተነገረ እንግዳው የኪስ ፍተሻ ሊመስለው ይችላል።