መልስ፦ ስፒትፋየሩ (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን) እየበረረ ፕሮፔለሩ በፎቶው ላይ ለምን ቆሞ ታየ?

የሹተር ፍጥነትህ ስለበዛ ነው፤ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ በጣም ስላጠረ። በ1/2000 ሰከንድ ስታነሳው ፕሮፔለሩ ቀጥ ይላል፤ አውሮፕላኑም በክር የተንጠለጠለ መጫወቻ ይመስላል። ወደ 1/250 አውርደው። የስፒትፋየር ፕሮፔለር በሰከንድ 20 ዙር ገደማ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ በ1/250 መሽከርከሩ በደንብ ይታያል። ሙሉ ክብ ካማረህ ባለ አራት ክንፉ ፕሮፔለር 1/80 ይፈልጋል። እሱ ግን ለእጅ ከባድ ነው፣ መጀመሪያ 1/250ን ልመድ።

1. ካሜራውን ሹተር የሚያስቀድመው ሞድ ላይ አድርግ፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100።
2. ፎከሱም ሾቱም ተከታታይ ይሁን።
3. ክርንህን ከጎንህ አጣብቀህ ከወገብህ እየዞርክ ተከተለው። ከተጫንክ በኋላም መዞርህን አታቁም። ብዙዎቹ ይደበዝዛሉ፤ ምን ችግር አለው፣ ሰርዛቸው።

ጄት ሲመጣ ወደ 1/1000 መልሰው፤ የሚሽከረከር ነገር አይታይበትም።

አንድ ነገር ግን ከልምድ ልንገርህ። የእንግሊዙ ዳክስፎርድ የአውሮፕላን ትርዒት ላይ ተመልካቹ ወደ ደቡብ ስለሚያይ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት። ካሜራው በሰማዩ ብርሃን ይታለልና አውሮፕላኑን ጥቁር ያደርገዋል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን ማስተካከያ) +1 ጨምርለት። ዝቅ ብሎ ከዛፎቹ ፊት ሲያልፍ ግን ወደ 0 መልሰው፣ አለዚያ ክንፉ ነጭ ሆኖ ይቃጠልብሃል።