«ሞክሩ»፣ «ፈትሹ» ወይስ «ፈትኑ»?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ደኅና መሆን አለመሆኑ እንዴት እንደሚታወቅ ለተማሪዎቼ በአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። «ሴንሰሩን ሞክሩ» ልበል፣ «ፈትሹ» ወይስ «ፈትኑ»? ደግሞስ «ግፊት» ነው የሚባለው ወይስ «ጫና»?

መልስ፦ ሦስቱም ግሦች ያስፈልጉዎታል፤ አንዱ ግን የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ጫማ የሚገዛ ሰው ጫማውን ይሞክረዋል፤ አድርጎት አይቶ ይተወዋል ወይም ይወስደዋል። በር ላይ የቆመ ጥበቃ ቦርሳ ይፈትሻል፤ የሚፈልገው መኖር የሌለበትን ነገር ነው። መምህር ተማሪውን ይፈትናል፤ መልሱን ከተማሪው በፊት ያውቀዋል። ወርቅ በእሳት ይፈተናል እንጂ በእሳት ይሞከራል የማንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሽቦው መላላቱን፣ ብየዳው መልቀቁን፣ ቀዳዳው በአቧራ መደፈኑን ሲያዩ ተማሪዎችዎ «ይፈትሻሉ»። ኃይል ሰጥተው ቁጥር መምጣቱን ሲያዩ «ይሞክራሉ»። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ግን መፈተን አለባቸው። መልሱን የማያውቅ ፈታኝ ደግሞ ሊያርም አይችልም።

መልሱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቋንቋ ምክንያት ነው። መጻሕፍት የአየር ግፊት በአማካይ 1013.25 ሄክቶፓስካል ነው ይላሉ፤ ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ጤነኛ ሴንሰር እዚህ የሚያሳየው 770 ገደማ ነው። ተማሪው 770 አይቶ፣ በስልኩ የአየር ሁኔታ ገጽ ላይ ከ1,000 በላይ ሲያነብ፣ ደኅናውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። የስልኩ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ነው። ስለዚህ መመሪያዎ «ግፊት» ብቻ ብሎ አይለፍ፤ «የቦታው ግፊት» እና «ወደ ባሕር ጠለል የተሰላ ግፊት» ብሎ ይለይ። እባክዎን «የባሕር ወለል» ብለውም አይጻፉ። ወለል ከታች የምንቆምበት ነው፤ የባሕር ወለል ሲባል የባሕሩ መሬት ይመስላል። ጠለል የውኃው የላይኛው ገጽ ነው። ይህ ስሕተት በጋዜጦቻችን ሳይቀር እየተለመደ መምጣቱ በጣም ያሳዝነኛል፤ ትክክለኛው ቃል በእጃችን እያለ ነውና።

ስለ «ጫና» እና «ግፊት» አንድ ቀላል ሙከራ ልዩነቱን ያሳይልዎታል። ሴንሰሩን ከነባትሪው አየር ባለው የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትተው አፉን አጥብቀው ይዝጉና ከረጢቱን በቀስታ በእጅዎ ይጫኑት። ቁጥሩ ወዲያው ይጨምራል፤ ሲለቁት ይመለሳል። እጅዎ ከላይ ያሳረፈው ጫና ነው፤ ጭነት ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። በውስጥ ያለው አየር ግን ወደ ላይም፣ ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም ይገፋል። ሴንሰሩ የሚለካው ይህን መግፋት ስለሆነ «ግፊት» ይበሉት። «የደም ግፊት» የምንለውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ደረጃ መውጣት ነው። በእኛ ከፍታ ላይ አንድ ሄክቶፓስካል ለመቀነስ 11 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል፤ አሥር ፎቅ የወጣ ተማሪ ቁጥሩ ወደ ሁለት ተኩል ገደማ ቀንሶ ማየት፣ ሲወርድም የመጀመሪያውን ቁጥር መልሶ ማግኘት አለበት። ሳይዘገይ መውረድ አለበት ግን፤ የአየሩ ግፊት ራሱ በቀን ውስጥ ይለዋወጣል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል።

«ሴንሰር» ወይስ «ዳሳሽ» ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን «ዳሳሽ»ን እወደዋለሁ። በጨለማ በእጁ እየዳበሰ መንገድ የሚፈልግ ሰው ይዳስሳል፤ ይህችም ትንሽ ዕቃ የማይታየውን አየር ትዳስሳለች። ሱቅ ሄደው የሚገዙት በ«ሴንሰር» ስለሆነ በመመሪያው መግቢያ ላይ ሁለቱንም አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው።

አንድ ቃል ብቻ ይቀረኛል፤ «ይሠራል» የሚለው። ቀኑን ሙሉ 770.2 ላይ ተቸክሎ የቀረ ዳሳሽም ቁጥር ስለሚያሳይ «ይሠራል» ይባላል፤ እየለካ ግን አይደለም። «ለካ» እና «ልክ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸውና «በልኩ ይለካል» ብለው ይጻፉ። ፈተናውን ያላለፈውንም «ወደቀ» አይበሉት፤ ተማሪው ከጠረጴዛ ላይ የወደቀ ሊመስለው ይችላል። «ፈተናውን አላለፈም» ይበሉ።